ለሳሙኤል የሠራሁት ሳጥን፦ ከጅማ ቤቴል ደርሶ መልስ

አዲስ አበባ ዕቃ ለመግዛት ስመላለስ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ኮልፌ ቀራኒዮን ግን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነበር። የጅማ መንገድ በሰበታና በዓለም ገና አድርጎ ከተማ ሲገባ ቀድሞ የሚያገኘው አየር ጤናን ነው። እኛ የጅማ ሰዎች አየር ጤና ስንደርስ ዕቃችንን መሰብሰብ እንጀምራለን እንጂ ወርደን አናውቅም፤ ሐሳባችን መርካቶ ነው። ባለፈው ጥቅምት ግን እዚያው ወረድኩ፤ ሰፈሩ ውስጥ አራት ሌሊት አደርኩ። ይህን የምጽፈው ጅማ፣ አጋሮና ሊሙ ላሉ የሙያ ጓደኞቼ ነው። ያደርኩበትን ቤት አያዩትም። እኔ ያየሁትን ቢያውቁ ግን ይበጃቸዋል።

ስሜ ከድር ነው፤ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሳሙኤል የፊዚክስ መምህር ነበር፤ የቤቴል ልጅ ሆኖ ጅማ አንድ ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ሱቄ መጀመሪያ የመጣው የድሮውን ሆዳም ቴሌቪዥን ፍለጋ ነው። ሰው ሁሉ ጠፍጣፋውን ሲገዛ እሱ የተጣለውን ይለምናል። ለምን እንደሚፈልገው ስጠይቀው አንዱን አስከፍቶ ክንዱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ፤ የክንዱ ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆመ። "ጋሽ ከድር፣ ይሄ ፀጉር የሚያቆመው ኃይል ሰማይ ላይ ሳተላይት ይይዛል" አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየመጣ ያስረዳኝ ነበር። አንዳንድ ሥራ ሁለት ሦስት ሳተላይቶች ርቀታቸውን ጠብቀው አብረው እንዲሄዱ ይጠይቃል። ርቀት ለመጠበቅ እያንዳንዷ ጋዝ እየተፋች ራሷን ትገፋለች፤ ጋዙ ያለቀ ቀን ሌላው አካሏ ደህና ሆኖ ሳለ ሥራዋ አበቃ። ሳሙኤል የሚያጠናው ያለ ጋዝ እንዴት እንደሚያዙ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ብትሞላቸው ይገፋፋሉ፣ በተቃራኒ ብትሞላቸው ይሳሳባሉ፤ ኤሌክትሪኩን ደግሞ ከፀሐይ ያገኙታል፣ ፀሐይ አታልቅም። ለመሬት በሚቀርበው ከፍታ ላይ አይሆንም፤ እዚያ ያለው ስስ ጋዝ ራሱ ኤሌክትሪክ ስላለበት ኃይሉን ይውጠዋል። በጣም ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው፣ እዚያም በጣም ላልተራራቁት ብቻ። የጋራ መንገዳቸውንም አይቀይርላቸውም። ይህን በታክሲ መሰለልኝ፦ ሁለት ተሳፋሪዎች ወንበር ላይ ቢገፋፉ እነሱ ይራራቃሉ እንጂ ታክሲው በእነሱ ግፊያ አይሄድም።

ለሙከራው ከስስ አልሙኒየም የተሠሩ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ሁለት ኳሶች በሐር ክር ከጣሪያ ላይ ያንጠለጥላል። ካሜራ ርቀታቸውን ያያል፣ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ያቆማቸዋል። ያንን ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ ለኳሶቹ የሚሰጠውን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ትራንስፎርመሩን ከቴሌቪዥን አወጣሁት፣ ካፓሲተሮቹን ከተጣለ የራጅ ማሽን። ካፓሲተር ለማያውቀው ሰው የኤሌክትሪክ ጋን ማለት ነው፤ ሶኬቱ ተነቅሎም የሞላው እንደሞላ ይቆያል። ስለዚህ ማሽኑ ሲጠፋ ጋኑን የሚያፈስ ሬዚስተር የሚባል ነገር ይታሰርበታል። ለዚያ ኃይል አሥር ያህል ሬዚስተር ተከታትሎ መታሰር ነበረበት። እኔ የነበረኝ አንድ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሁሉንም ሲሸከም ሊሰበር ይችላል። አንዱን አሰርኩ፤ ሌላው ሲገኝ እጨምራለሁ አልኩ። ለሳሙኤል ግን አልነገርኩትም። ሳጥኑን ሲያይ እጄን ይዞ ስሞኝ ነበርና ጉድለቱን መናገር ከበደኝ። "ካጠፋህ በኋላ አንድ ደቂቃ ቆይተህ ንካ" ብቻ አልኩት።

ሳሙኤል ለአዲስ ዓመት እረፍት ሳጥኑን ይዞ እናቱ ቤት ሄደ። መስከረም ውስጥ እዚያው ሞተ። ወሬው ጅማ የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። ኤሌክትሪክ ያዘው ተባለ፤ የቤቱ መስመር ነው ተባለ። እኔም ዝም አልኩ።

ሰኞ

አርባው ቅዳሜ ስለሚውል ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ቀደም ብዬ የሄድኩት ሳጥኑን ብቻዬን ለማየት ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ስልክ ስደውል ለመርዳት ነው ያልኩት። ቦርሳዬ ውስጥ መፍቻ፣ መለኪያና ማሳረፊያዬን ያዝኩ። ማሳረፊያ የምለው ጫፉ ላይ የመዳብ መንጠቆና ረጅም ሽቦ ያለው የፕላስቲክ ዱላ ነው፤ ካፓሲተር ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የማፈስበት።

ጊቤን ተሻግረን ፍተሻ ላይ ፖሊሱ ያንን ዱላ ከቦርሳዬ መዝዞ አወጣው። ስለ ቴሌቪዥን ባስረዳውም አልገባውም፤ ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ይጠብቃል። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወርደው መጡና፣ የብየዳ ሊድ ጠባሳ ያለበትን ጣቴን ለፖሊሱ አሳይተው ይሄ የጠጋኝ እጅ ነው አሉት። ለቀቀኝ። ሽማግሌውን አላውቃቸውም፤ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱም ምስጋናዬን በእጃቸው ገፉት። ከወልቂጤ ወዲህ ደግሞ ጎማ ፈነዳ። ጊቤ ላይ ያላበኝ ላብ ሳይደርቅ የወልቂጤ ንፋስ አገኘኝና አየር ጤና ስደርስ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር።

የተቀበለችኝ ምሕረት ናት፣ የሳሙኤል ታላቅ እህት። አየር ጤና የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላት። አንድ ቤርጎ እንድትጠቁመኝ ስለምናት ቦርሳዬን ከእጄ ወሰደች። እናቷ እንግዳው ቤርጎ አደረ ሲባል ቢሰሙ የሚቀየሙት እሷን እንደሆነ ነገረችኝ። የቤቴል ታክሲ ሰልፍ ረጅም ነበር። እኛ ዘንድ አንድ ባጃጅ ጠርቶ መሄድ ነው፤ እዚህ ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ ይጨልምበታል፣ ማንም አያጉረመርምም። ጥቁር ለብሳ ከፊቴ ቆማለች። ስለ ባሏ አንድ ቃል አላነሳችም፤ ባለትዳር መሆኗንም ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

እናትየው እማማ ፀዳለ ይባላሉ። በሩ ላይ አቅፈውኝ አለቀሱ። ቤተሰቡ ከጉራጌ መጥቶ ከተማው ውስጥ ከሰነበተ ረጅም ጊዜ ሆኖታል፤ እሳቸውም ሲያለቅሱ በአማርኛ፣ ራሳቸውን ሲያባብሉ ግን በጉራጊኛ ነው። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ይዘው አገላብጠው አዩ። "ሳሚ ስለዚህ እጅ ያልነገረኝ የለም" አሉኝ። አላህ ያጽናዎት አልኩ።

እራት ሲቀርብ የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ አስቀድመው አስበውበት ነበር። ጎረቤታቸውን እትዬ ዘይነባን፣ የስልጤ ሴት ናቸው፣ ለእኔ ብቻ እንዲሠሩልኝ ለምነዋቸው ምግቡ በትሪ ተከድኖ መጣ። እኛ ጅማ ለክርስቲያን እንግዳ እንቁላል እንጠብሳለን፣ በዚያው ያበቃል። እዚህ ሐዘን የተቀመጠች እናት ለእኔ ሆድ ጎረቤት ስታስቸግር ዋለች። ሳሎን ሶፋ ላይ አነጠፉልኝ። ካልሲዬን ሳይቀር ወስደው አጠቡት።

ማክሰኞ

ጠዋት ንፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል መጣ። እማማ ፀዳለ ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ ተነስተው መስኮቶቹን ዘጉ፣ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ጨዋታው ስለ ሳሙኤል ነው፦ ልጅ ሆኖ ማበጠሪያ በሹራብ እያሸ ቁርጥራጭ ወረቀት ሲያስነሳ ስለዋለበት ቀን፣ ስለሠራተኛነቱ፣ ስለዝምታው።

ከዚያ ስለ ግርማ ነገሩኝ። ግርማ የምሕረት ባል ነው፣ የመብራት ሠራተኛ፤ ሁሉም አንድ ግቢ ነበር የሚኖሩት። ሳሙኤል በጓሮው ሰርቪስ ቤት ውስጥ መሥራት ሲፈልግ መስመሩን የዘረጋለት ግርማ ነው። ሳሙኤል እዚያ ክፍል ወድቆ ሲገኝ ፖሊስ መጣ፣ ኤሌክትሪክ ነው ብሎ ጽፎ ሄደ። እማማ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛ በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ፣ ግርማን ከደጄ ውጣ አሉት። እሱም አልተከራከረም። ሳንሱሲ ሰፈር ወንድሙ ጋ ገባ። ምሕረትም ተከትላው አልሄደችም።

"ገመዱን የዘረጋው እሱ ነው። ልጄን በገመድ ነው የገደለው" አሉኝ።

ውሃ ለመንኩ።

ከቁርስ በኋላ ዕቃው ከቤታቸው እንዲወጣ እንደሚፈልጉ፣ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ስለሌለ እንድወስደው ለመኑኝ። ምሕረት ቁልፉን ከፈተችልኝ። ክፍሉ ሳሙኤል ከሞተ ወዲህ አልተነካም። አንዱ ኳስ በክሩ ተንጠልጥሏል፤ ሌላው ክሩ ተበጥሶ፣ ሽቦው እንደታሰረበት ጠረጴዛው ሥር ወድቋል፣ ጎኑ ጎድጉዷል። የሳጥኑ ማጥፊያ ወደ ታች ተጭኗል፤ ጠፍቷል። የሆነው ገባኝ። ክሩ ሲበጠስበት አጠፋ፣ እንደነገርኩት ጠበቀ፣ ከዚያ የወደቀውን ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ሳሙኤል የተነገረውን የሚፈጽም ሰው ነበር።

ዱላዬን አሳረፍኩ፤ ከዚያን ያህል ቀን በኋላ የቀረ ኤሌክትሪክ አልነበረም። ክዳኑን ፈታሁ። ሬዚስተሩ መሐሉ ላይ ለሁለት ተሰብሯል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። መለኪያዬን አስጠጋሁ፣ ምንም አያስተላልፍም። ከዚያ የግርማን መስመር ከቆጣሪው ጀምሬ እስከ ሶኬቱ ተከተልኩት። አደጋ ሲኖር መብራቱን የሚያጠፋው መቁረጫ በቦታው አለ፣ የመሬት ሽቦው አለ፣ እያንዳንዱ ማሰሪያ ጠብቋል። እንደዚያ የጠራ ሥራ ብዙ አላየሁም።

ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። ገና እያየሁ ነው አልኳት።

ረቡዕ

ረቡዕ የጾም ቀን ነው፤ ሽሮው ለሁላችንም ሆነና እትዬ ዘይነባ ከእኔ ተገላገሉ። ቁርሴን እንደጨረስኩ ለእማማ ሽቦ ልገዛ ነው ብዬ አየር ጤና ወረድኩና ለሐሙስ ጠዋት የጅማ ትኬት ቆረጥኩ። ያሰብኩት ይህን ነበር፦ ሳጥኑን ይዤ እሄዳለሁ፣ ጅማ ስደርስ እሰብረዋለሁ፣ ሟች አይመለስም፣ ግርማ እንደሆነ ጊዜ ያስታርቀዋል። ይህን በጽሑፍ ማስቀመጥ ያሳፍረኛል፤ ግን ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ስመለስ በታክሲው ውስጥ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምግባቸውን ሳመሰግን ወሬው ወደ ግርማ ዞረ። የእሳቸውን ቤት መብራት የሠራው እሱ እንደሆነ፣ በሰፈሩ ያልገባበት ቤት እንደሌለ አጫወቱኝ። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው መብራት ተበላሽቶ ሳንሱሲ ድረስ ሄደው ሊጠሩት ሞክረው ነበር። አልመጣም። የሥራ ዕቃውን ለሰው አከፋፍሎ ሰጥቷል።

"'እጄ ሰው ገድሏል፤ ሁለተኛ ሽቦ አልነካም' ነው ያለኝ" አሉኝ። "የሚያሳዝነው ይሄ ነው ልጄ። ሰው ሲወነጅለው ዝም አለ፤ ከዚያ እሱም አመነው።"

ከታክሲው ስወርድ አንድ ክሊኒክ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ነርስ ወጥታ አሞህ ነው ወይ አለችኝ። ደህና ነኝ ብዬ ተነሳሁ።

ቤት ስገባ እማማ ፀዳለ ለተዝካሩ ስንዴ እየለቀሙ ነበር። ምሕረት ጓዳ ናት። ከፊታቸው ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩና እኔም ከሰፌዱ ላይ እንክርዳድ መልቀም ጀመርኩ። ጥቂት አብረን ለቀምን።

"እማማ፣ ሳሙኤልን የገደለው የግርማ መስመር አይደለም" አልኩ።

እጃቸው አልቆመም። "ታዲያ ማነው?" አሉ።

"እኔ የሠራሁለት ሳጥን ነው።"

ስለ ጋኑ ነገርኳቸው፣ ጋኑን ስለሚያፈስሰው ነገር፣ አሥር ሲያስፈልግ አንድ ስለማሰሬ። እንዳይገባቸው አድርጌ በሙያ ቃል ልሸፍነው እችል ነበር፤ አላደረግኩትም። ስጨርስ እጃቸው ስንዴው ላይ ቆሟል።

"ታውቅ ነበር?" አሉኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ለሱ ነገርከው?"

"አልነገርኩትም።"

ጓዳ ውስጥ የነበረው የዕቃ ድምፅ ቆሟል፤ ምሕረት በሩ ላይ ቆማ እንደሰማች ያኔ አወቅሁ።

"እኔ ያንን ሰው በሐሰት ነው ያባረርኩት" አሉ እማማ፣ ለራሳቸው እንጂ ለእኔ አልነበረም።

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ተነስተው ሰፌዱን ከፊቴ አነሱት። እራቴን በልቼ እንድተኛ፣ በማግስቱ ከምሕረት ጋር ሳንሱሲ ሄጄ የነገርኳቸውን ሁሉ ለግርማ እንድነግረው አዘዙኝ። እሳቸው በምን አፋቸው እንደሚያናግሩት አያውቁም። እራቱ ቀረበ፤ እንደ ወትሮው ተከድኖ፣ ከእጅ ማስታጠቢያው ጋር። ያስቀመጠችልኝ ምሕረት ናት፤ ፊቴን አላየችም።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ያለ እኔ ሄደ። እኔና ምሕረት ሳንሱሲ ለመድረስ ታክሲ ቀያየርን፣ ወደ አስኮ መዳረሻ ነው። በሁሉም ላይ እሷ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ፤ ሳጥኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነው። ቅርብ ይሁን ሩቅ አላውቅም፤ ጅማን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ የማቋርጥበት ጊዜ ወሰደብን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሬዲዮ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

ግርማ ከወንድሙ ጋር ብሎኬት ይመታል። ከእኔ በጥቂት ዓመት ያንሳል፤ ሲሚንቶው ፀጉሩን አሽብቶት የእኔ ታላቅ መሰለኝ። ምሕረትን ሲያይ አካፋውን አስቀመጠ። እናቷ ሞተው መርዶ ልትነግረው የመጣች መስሎት ነበር፤ "እማማ ደህና ናቸው?" ብሎ ነው የጀመረው። ደህና ናቸው አለችውና ወደ እኔ ጠቆመች።

ቆሜ ነገርኩት። እየሰማኝ እጁን በሱሪው ላይ ይጠርጋል። ስጨርስ ሳጥኑን እንድሰጠው ጠየቀኝ፤ የደረቀ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ክዳኑን አነሳ። ብዙ አየው። የተሰበረውን በጥፍሩ ነካ።

"አንድ ብቻ?" አለ።

"አንድ ብቻ።"

"ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዴት አንድ ያስራል?"

መልሴን አልጠበቀም። አይኑን ከሳጥኑ ሳያነሳ ተናገረ። "እኔ እኮ አምኜ ነበር። ስተኛ መስመሩን በሐሳቤ ከቆጣሪው ጀምሬ እስከ ሶኬቱ እከተለዋለሁ። ስህተቱን ሳጣው ራሴን ውሸታም እላለሁ። አንድ ነገር ደብቄ ረስቼዋለሁ ማለት ነው እላለሁ።"

ምሕረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ ወደ እሷ አልሄደም፣ እሷም አልቀረበችም። መጥታ ሁለት እርምጃ ቀርቷት ቆመች።

"እማማ ይጠሩሃል" አለችው።

"እሰማለሁ" አለ። እሺም አላለ፣ እምቢም።

ክዳኑን መልሶ ገጠመና፣ እንዲህ ያለ ሌላ ሳጥን ሠርቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። የለም ልለው ነበር። አለ። ሁለተኛው ኮሌጁ ውስጥ ነው፤ የሳሙኤል ባልደረባ መምህርት ራሔል ሙከራውን የምትቀጥልበት፣ ያው አንድ ሬዚስተር ያለው። ሳሙኤል ሲሞት ክፍሉ ተዘጋ ሲሉ ሰምቼ በዚያ ተጽናንቼ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደተዘጋ አልጠየቅሁም። እንዳላስበው አድርጌ ነበር የኖርኩት።

ግርማ ስልኬን ከኪሴ እስካወጣ ጠበቀኝ። የራሔል ስልክ አይጠራም። የሱቅ ጎረቤቴ ዘንድ ደወልኩ፤ በባጃጅ ሄዶ ክፍሉ ተቆልፎ እንዳገኘው፣ ለዘበኛው መልእክት እንደተወ ነገረኝ። ግርማ ራሱን ነቀነቀ። "ዘበኛ እንዲህ ያለ መልእክት አያደርስም" አለኝ። "ነገ በመጀመሪያው መኪና ይሂዱ። አርባው ይቅርብዎት።"

ዓርብ

ስነሳ የታጠቡት ካልሲዎቼ ተጣጥፈው ሶፋው ክንድ ላይ ነበሩ፤ አጠገባቸው ዳቦና ሙዝ በፌስታል። እማማ ፀዳለ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ነቅተዋል፣ ሳላቸው ይሰማኛል፤ አልወጡም። በሩ አጠገብ ቆሜ ደህና ይሁኑ አልኩ። ሳላቸው ቆመ፣ ሌላ ነገር አልመጣም። ምሕረት እስከ ታክሲው ሸኘችኝ። ወደፊትም ለቅሶ ብዬ እንዳልመለስ እናቷ እንደሚፈልጉ፣ ምግቡን ግን የቋጠሩት ራሳቸው እንደሆኑ ነገረችኝ። ከዚያ ማሳረፊያ ዱላዬን አቀበለችኝ፤ ልረሳው ነበር።

መንገዱ ሁሉ ደወልኩ። ስልኳ አይሠራም። ጊቤ ላይ ሰዎች ወርደው ሲበሉ እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ያንን ዳቦ ያዝኩት እንጂ አልበላሁትም። ጅማ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤቴ ሳልገባ ቀጥታ ኮሌጁ ሄድኩ። ዘበኛው እንዳየኝ መልእክቱ ትዝ አለው።

ራሔል ክፍሉ ውስጥ ነበረች። ሳጥኑን ገና አሁን እንዳጠፋችው፣ አንዱ ክር ስለሾለከ ልታስተካክለው እንደሆነ ነገረችኝ። ወንበር ላይ ልትወጣ አንድ እግሯን አንስታ እጇን ወደ ኳሱ ዘርግታለች። እኔ ያየሁት ኳሶቹን ነው። ኤሌክትሪኩ የፈሰሰ ቢሆን ቀጥ ብለው ወርደው ይቀራረቡ ነበር፤ እነሱ ግን እንደተገፋፉ፣ ክሮቻቸው ወደ ውጭ አዘንብለው፣ ተራርቀው ቆመዋል። ራሔልም አይታው ነበር፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው ብላ ገምታለች።

"እጅሽን መልሺ" አልኳት።

ከድምፄ ነው መሰለኝ መለሰችው። የማሳረፊያውን ሽቦ ከመሬት ጋር አሰርኩና መንጠቆውን ኳሱ ላይ አሳረፍኩ። ብልጭታው ወጣ፤ ድምፁ በባዶ ክፍል ውስጥ እንደ ጥፊ ነበር። ኳሶቹ ወረዱ፣ ተቀራረቡ፣ ቆሙ። ራሔል ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ክዳኑን ፈታሁ። ሬዚስተሩ ለሁለት ተሰብሯል። መቼ እንደተሰበረ አላህ ነው የሚያውቀው፤ ትናንት ይሁን ዛሬ።

እዚያው ቆሜ ለሳሙኤል ያልነገርኩትን ለእሷ ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የሳሙኤልን ደብተር ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ለግርማ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ብልጭታውንም፣ የተሰበረውንም። ከጀርባው የሴቶች ድምፅና የዕቃ መንኳኳት ይሰማል፤ ለነገው ተዝካር የሚዘጋጅ ቤት ድምፅ ነው።

"ቤቴል ነኝ" አለኝ። "እማማ አጠገቤ ናቸው።"

ያናግሩኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። ስልኩን ከአፉ አርቆ ሲጠይቃቸው ሰማሁ፣ መልሳቸውን ግን አልሰማሁም።

"አይፈልጉም" አለኝ ተመልሶ። "ግን አንድ ነገር ጠይቀው ይሉኛል። መምህሯ እናት አላት?"

ራሔልን ቀና ብዬ አየኋት። እናቷን አውቃቸዋለሁ፤ ሬዲዮአቸውን ጠግኜላቸዋለሁ።

"አላት" አልኩት።

ግርማ ለእማማ ሲነግራቸው ሰማሁ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።